ስንቅ፦ የዐድዋን ጦር ማን አበላው?

እንደምን አመሻችሁ? ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ልጅ ሆኜ አያቴን አንድ ጥያቄ ጠይቄያት ነበር። ስለ ጣልያን ወረራ ተምረን የመጣን ዕለት ነው። ደብተሬን እንኳ ሳላስቀምጥ "አንቺ በጣልያን ጊዜ ምን አደረግሽ?" አልኳት። ቡና እየቆላች ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ። "ምን አደርጋለሁ ልጄ፤ ምንም። ከእናቴ ጋር እንፈጭ ነበር እንጂ" አለችኝ።

አመንኳት። ጠመንጃ የያዘ ዘመድ ፍለጋ ወደ ወንዶቹ ዞርኩ። አንድ ታላቅ አጎት አገኘሁ፣ ታሪኩን ጻፍኩ፣ በማግስቱም ክፍል ውስጥ በኩራት አነበብኩ። አያቴ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የለችም።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለዚያ "ምንም" ነው።

"ስንቅና ትጥቅ" እንላለን። ሁሌም አብረን ነው የምንጠራቸው። ልብ ብላችሁ ከሆነ ስንቁ ይቀድማል። ታሪክ ስናወራ ግን ትጥቁን ብቻ እንቆጥራለን። ስንት ጠመንጃ ነበረ? ስንት መድፍ? ከየት አገር ተገዛ? ይኼን የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። "ስንት ቁና በሶ ተፈጨ?" ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

የድሮው ጦራችን በየአቅጣጫው ሹም ነበረው። ከፊት የሚሄደው ፊታውራሪ ነው። በቀኝ ቀኛዝማች፣ በግራ ግራዝማች። ከኋላ ደግሞ ደጀን አለ። በደጀኑ ውስጥ ገንቦ አዝላ፣ ልጅ አቅፋ፣ አህያ እየነዳች የምትሄደው ሴት ማዕረግ የላትም። እህሉን ለፈጨችው፣ ውኃውን ለቀዳችው፣ እንጨቱን ለለቀመችው የተሰጠ ስም የለም። ስም የሌለው ነገር ደግሞ ቶሎ ይረሳል።

በዚያ ዘመን አብዛኛው ዘማች የሚበላውን ከቤቱ ይዞ ነው የሚወጣው። ክተት ሲታወጅ ባል ጦሩን ይስላል፣ ጋሻውን ያወርዳል። ሚስት ወደ ጓዳ ትገባለች። የአገሪቱ የስንቅ መምሪያ ያ ጓዳ ነበር። በመቶ ሺህ በሚቆጠር ቤት ውስጥ፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ማኅተም፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ መምሪያ።

እስቲ ጓዳው ውስጥ እንግባ።

በሶን ውሰዱ። ገብሱ ይለቀማል። እርጥብ ይደረግና ሙቀጫ ውስጥ ይፈተጋል። ገለባው ይነፋል። ደርቆ ይቆላል። ከዚያ ይፈጫል። ለአንድ ሰው የአንድ ወር ስንቅ ይህ ሁሉ የብዙ ቀን ሥራ ነው። ሲያልቅ የምታገኙት ዱቄት ግን ተአምር ነው። ውኃና ጨው ብቻ ይበቃዋል። እሳት አይፈልግም። እሳት ከሌለ ጭስ የለም። ጠላት ከተራራው ማዶ ባደረበት ሌሊት፣ ያለ ጭስ የሚበላ ምግብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ያንኑ የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ብታሹት ጭኮ ይሆናል። ጭኮ ሳይበላሽ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ጥቂቱ ያጠግባል። የተነጠረ ቅቤ የሚሸት እጅ ያላት ሴት አያት የነበራችሁ ታውቁታላችሁ።

ቋንጣው ደግሞ አለ። ሥጋው በስሱ፣ በረጅሙ ይዘለዘላል። ጨውና በርበሬ ይነካል። ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነፋስ ይመታዋል። የምትዘለዝለው ሴት እጇ ከከበደ፣ ማለትም ካወፈረችው፣ መሃሉ ሳይደርቅ ይቀርና ይሸታል። የአንድ ዘማች ጤና የቢላዋ አያያዝ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። እንጀራው ይደርቅና ድርቆሽ ይሆናል። ዳቦ ቆሎውና ቆሎው ይከተላል። በ1969 ዓ.ም የእናት አገር ጥሪ ጊዜ በየቀበሌው ዳቦ ቆሎ ሲቆላ የምታስታውሱ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። ስትነቀንቁ አያለሁ።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉልኝ። እነዚህ ምግቦች ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ውኃቸው ወጥቷል። ውኃ ያለበት ምግብ ይከብዳል፤ ደግሞም ይበላሻል። ውኃውን ካወጣችሁለት ይቀላል፣ ይቆያል። ዛሬ የምግብ ባለሙያዎች ይህን በትምህርት ቤት ይማሩታል። እናቶቻችን ከእናቶቻቸው እጅ ተማሩት። በእኔ እምነት ይህ እውቀት እንደ ጦር ስልት መቆጠር አለበት። እያጋነንኩ አይደለም። አሁን ቁጥሩን ስታዩት ትስማማላችሁ።

ቀለል ያለ ስሌት እንሥራ። ወረቀት አያስፈልግም።

ዐድዋ ላይ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር አብዛኛውን ጊዜ ወደ 100 ሺህ ይገመታል። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ይበላል እንበል። ያ በጣም ትንሹ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተራራ የሚወጣ ሰው ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ግማሽ ኪሎ በ100 ሺህ ሲባዛ 50 ሺህ ኪሎ ይመጣል። 500 ኩንታል። በቀን! ነገም ሌላ 500 ኩንታል።

ይህ እህል መፈጨት አለበት። ሞተር ያለው ወፍጮ የለም። ያለው ድንጋይና መጅ ነው። አንዲት ብርቱ ሴት ተንበርክካ ስትፈጭ ውላ 10 ኪሎ ታወጣለች እንበል። ፈጭታችሁ የምታውቁ 10 ኪሎ ቀልድ እንዳልሆነ ትነግሩኛላችሁ። ታዲያ ለ500 ኩንታል ስንት ሴት ያስፈልጋል? 5 ሺህ። 5 ሺህ ሴት፣ በየቀኑ፣ ለመፍጨት ብቻ። ማቡካቱን አልቆጠርኩም። እንጨቱን አልቆጠርኩም። እነሱ ራሳቸው የሚበሉትንም አልቆጠርኩም።

ወደ ውኃ እንሂድ። ለአንድ ሰው በቀን 2 ሊትር ብንል ለ100 ሺህ ሰው 200 ሺህ ሊትር ነው። አንድ እንስራ ወደ 20 ሊትር ቢይዝ 10 ሺህ እንስራ ይሆናል። ከወንዝ ወደ ሰፈር፣ በጀርባ፣ ዳገት እየወጡ።

ይህን ቁጥር በአእምሯችሁ ያዙልኝ። 10 ሺህ እንስራ። እመለስበታለሁ።

ምኒልክ ክተቱን ያወጁት መስከረም 1888 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን አትርሱ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም ክፉ ቀን ነበር። ከብቱ በበሽታ አለቀ። በሬ ስለጠፋ መሬቱ ሳይታረስ ከረመ። ሕዝቡ በረኀብ ረገፈ። ከዚያ መዓት በወጣ በአራት ዓመቱ ነው እንግዲህ አገሩ ሁሉ ስንቅ እንዲቋጥር የተጠራው። ጎተራው ገና ማገገሙ ነበር። ሴቶቹ ከዚያ ጎተራ ላይ ነው የቀነሱት። ለልጆቻቸው ስንት እንደሚተው፣ ለዘማቹ ስንት እንደሚሰፈር የወሰኑት እነሱ ናቸው። ረኀብን በዐይኗ ያየች እናት እህል ስትሰፍር እጇ እንዴት እንደሚሆን እኔ ለመገመት እንኳ ይከብደኛል።

የክተቱ አዋጅ ቃሉ ወንዱን ነው የሚያናግረው። "ለልጅህ፣ ለምሽትህ፣ ለሃይማኖትህ ስትል" ይለዋል። ምሽት ማለት ሚስት ናት። ሰውየው የተጠራው ለሚስቱ ሲል ነው። ሚስቱ ግን ብዙ ጊዜ ቤት አልቀረችም። አብራው ወጣች።

ከአዲስ አበባ እስከ ዐድዋ በመንገድ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጦሩ ጥቅምት ላይ ተነሣ። ውጊያው የካቲት 23 ሆነ። ከአራት ወር በላይ ማለት ነው። ከጉዞው ዋና ዋናው ይነገራል፤ ኅዳር 28 አምባላጌ ላይ ድል፣ ጥር ላይ የመቀሌ ከበባ። በመሃሉ ያለው ሌላው ቀን ሁሉ አይነገርም። በመሃሉ ያለው ቀን እንዲህ ነው፦ ጦሩ ይሰፍራል፣ ወንዱ አረፍ ይላል፣ የሴቷ ሥራ ያኔ ይጀምራል። ውኃ ወርዳ ትቀዳለች። እንጨት ትለቅማለች። ትፈጫለች። ምጣድ ከሌለ ብርኩታ ትጋግራለች። ብርኩታን የማታውቁት ወጣቶች ካላችሁ ልንገራችሁ። ድንጋይ እሳት ውስጥ ይግላል። ሊጡ በጋለው ድንጋይ ዙሪያ ይለጠፋል። ከዚያ ፍም ላይ ይደረጋል። ከውስጥ ድንጋዩ፣ ከውጭ ፍሙ ያበስለዋል። ምጣድ ተሸክሞ ተራራ መውጣት ስለማይቻል የተገኘ ዘዴ ነው። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ጓዙ ይጠቀለላል፣ ጉዞው ይቀጥላል።

መቀሌ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጣልያኖች እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ምሽጉ ጠንካራ ነው። ፊት ለፊት መግጠም ብዙ ሰው አስጨረሰ። የሚጠጡት ውኃ ግን ከምሽጉ ውጭ ነበር። ምንጩን ያዙት የሚለውን ምክር ያመጡት እቴጌ ጣይቱ እንደሆኑ ታሪክ ይመሰክራል። ምንጩ ተያዘ። ምሽጉ ተለቀቀ። ብዙ ሰው ይህን የጣይቱ ብልጠት ብሎ ያልፈዋል። እኔ ከዚያ በላይ አያለሁ። ውኃ ለአንድ ቤት ምን እንደሆነ ከጓዳ በላይ የሚያውቅ የለም። እንስራው ባዶ ሲሆን ቤቱ ስንት ሰዓት እንደሚቆም ጓዳውን የምታስተዳድር ሴት ታውቃለች። ምሽግም ቤት ነው።

ከዚያ ወደ ዐድዋ።

የካቲት ላይ ሁለቱ ጦሮች ተፋጠው ተቀመጡ። ይህ ጊዜ ነው ለእኔ የታሪኩ እምብርት። ዋናው ውጊያ ገና አልተጀመረም። ሁለቱም እየራባቸው ነበር። የእኛ ጦር ስንቁ ተሟጧል። አካባቢው ያን ሁሉ ሕዝብ መመገብ አቅቶታል። የጣልያኑ አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ይህን ያውቃል። ጥቂት ቢቆይ የምኒልክ ጦር በረኀብ ይበተናል የሚል ተስፋ ነበረው። የራሱም ወታደሮች ግን ለጥቂት ቀን የሚበቃ ቀለብ ብቻ ነበራቸው። የእሱ ስንቅ ከምጽዋ ወደብ በጭነት ከብት እየተጓዘ ነው የሚመጣው፤ ባለ ኮንትራት አለው፣ በጀት አለው። በዚያ ላይ ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ "ምን ትጠብቃለህ?" በሚል መንፈስ ወተወቱት። አልቻለም። በየካቲት 22 ሌሊት ወደ ዐድዋ ተንቀሳቀሰ።

እስቲ አስቡት። ሁለት ጦር፣ ማን ቀድሞ ይርበው ይሆን ብሎ ተፋጧል። አንደኛው ወገን የባሕር ወደብና ግምጃ ቤት አለው። ሌላኛው ወገን ያለው የሴቶች ስልቻ ነው። ባለ ስልቻው ወገን አንድ ሳምንት ቀድሞ ቢበተን ኖሮ የካቲት 23 የሚባል በዓል ባልኖረን ነበር። ያቺን አንድ ሳምንት ማን ሰጠን? በስልቻው ጥግ የቀረችውን ዱቄት ያብቃቃችው እጅ ናት።

በውጊያው ዕለት እቴጌይቱ በሰፈሩ ያሉትን ሴቶች ሰብስበው ለተዋጊው ውኃ እንዲያቀርቡ አደረጉ። ቁጥራቸው ከ10 እስከ 12 ሺህ እንደነበረ ይነገራል። ያቺን ስሌት አስታወሳችሁ? 10 ሺህ እንስራ። ስሌቴ የኔ ግምት ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ ተቀራርበው ሳያቸው ግን ለብቻዬ ቁጭ ብዬ ቆየሁ። ጥይት በሚያፏጭበት ሜዳ ላይ በጀርባቸው ሸክላ ያዘሉ ሴቶች። ሸክላ ከጥይት አያስጥልም። የቆሰለውን ያነሳሉ፣ ያጠጣሉ፣ ቁስል ያስራሉ፣ ተመልሰው ይቀዳሉ።

እዚህ ላይ የማይመች ነገር መናገር አለብኝ። ካልተናገርኩት ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ከእነዚያ ሴቶች ብዙዎቹ ፈቅደው የመጡ አልነበሩም። ገረዶች ነበሩ። ባሪያ ተብለው የተያዙም ነበሩ። ባርነት በአገራችን በሕግ ጨርሶ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም ነው፤ ከዐድዋ 46 ዓመት በኋላ። ስለዚህ ያ ሁሉ ነጻነት ሲመጣ ውኃውን ከቀዱት ውስጥ ነጻ ያልሆኑ ሴቶች ነበሩበት። ስማቸው አልተጻፈም። የልጅ ልጆቻቸው ግን ምናልባት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል።

ሌላም አለ። የዘማቹ ስንቅ ሲያልቅ ጦር የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነው። መንገድ ዳር ያለችው ገበሬ ሴት ለራሷ ዘማች ስንቅ ቋጥራ ሸኝታለች፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ የማታውቀው ጦር ደጇ ላይ ያርፋል። ለዚያም ትጋግራለች። የወሎ፣ የላስታ፣ የትግራይ ሴቶች ይህን ሁለት እጥፍ ሸክም ተሸክመዋል። ጦርነቱ እነሱ አገር ላይ ስለነበር የትግራይ ሴቶች ሸክም ከሁሉም የባሰ ነበር። ስለ ዐድዋ በዓል ስናወራ ይህን ብዙም አናነሳውም። ማንሳት አለብን።

ቤት የቀሩትስ? ጥቅምት ላይ የወጣ ዘማች አዝመራውን ማሳ ላይ ትቶ ነው የሄደው። ጤፉ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል። ማን አጨደው? ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች። ማን ወቃው? እነሱው። በብዙ ደጋ አገር ሴት እርፍ መጨበጥ ነውር ነበር። ሌላው ሥራ ሁሉ ግን የሷ ሆነ። ዘማቹ ከሞተ ደግሞ በሬ የሚጠምድላት ወንድም ወይም አማች መለመን አለባት። ምኒልክ አዲስ አበባ የተመለሱት ግንቦት ላይ ነው። ክረምቱ ደጅ ላይ ነበር። ከመጡት ጋር ሴቶቹም ያንን 1,000 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተመልሰዋል። ያረፉ አይመስለኝም። የዘር ወቅት አይጠብቅም።

ከ40 ዓመት በኋላ ጣልያን ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ይሁንና አንድ ትልቅ ለውጥ አለ። አውሮፕላን መጣ። ድሮ ደጀን ማለት ከግንባር ራቅ ያለ ቦታ ነው። በ1928 ዓ.ም ደሴ ከሰማይ ተደበደበች። ከታኅሣሥ ጀምሮ የመርዝ ጋዝ ወረደ። የሚያቃጥለው ጋዝ በወታደርና ውኃ በምትቀዳ ሴት መካከል አይለይም። ሜዳው፣ ወንዙ፣ ሣሩ ተመረዘ። ውኃ መቅዳት ራሱ ግንባር ሆነ።

በከተማው ደግሞ አዲስ ዓይነት ሥራ ተጀመረ። የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በዚያው ጦርነቱ በመጣበት ጊዜ ተቋቁሞ ነበር። በእቴጌ መነንና በልዕልት ፀሐይ ዙሪያ የተሰበሰቡ ሴቶች ፋሻ ጠቀለሉ፣ ልብስ ሰፉ። ከጨርቅ የጋዝ መከላከያ ጭንብልም ሰፍተው ወደ ግንባር ላኩ። የጨርቅ ጭንብል! ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። መርዝ የሚያዘንብ አውሮፕላን በአንድ በኩል፣ መርፌና ክር በሌላ በኩል። ጭንብሉ ቆዳን አያድንም። ግን ባዶ እጅ ከመቀመጥ ያንን መርፌ መያዝ መረጡ። ልዕልት ፀሐይ በስደት እንግሊዝ አገር ሳሉ ነርስነት ተማሩ። ሠልጥነው ጨረሱ፣ ሠሩበት፣ ነጻነት ሲመጣም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆዩ በ1934 ዓ.ም አረፉ። ገና ወጣት ነበሩ።

መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ጦሩ ተፈታ። ሚያዝያ 27 ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። ወንዱ ጫካ ገባ። እኔ ዛሬ ልደርስበት የፈለግሁት እዚህ ጋ ነው።

"የውስጥ አርበኛ" የሚል ቃል አለን። ጫካ ያልገባ፣ ጠላት መሃል ተቀምጦ የሚሠራ ማለት ነው። በዚህ ሥራ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወንድ መንገድ ላይ ሲሄድ ይፈተሻል። ቅርጫት የያዘች ሴት ወደ ገበያ ትሄዳለች ተብሎ ትታለፋለች። ከእህሉ ሥር ጥይት፣ ከቀሚሱ ሥር ደብዳቤ፣ ከመድኃኒት እስከ ወሬ፣ ሁሉም በዚያ መንገድ ወጣ። ከታወቁት አንዷ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ናቸው። ንብረታቸውን ለአርበኞች አዋሉ። መሣሪያ፣ መድኃኒት፣ መረጃ አቀበሉ። ተይዘው ተሠቃዩ፤ ጣልያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ተግዘው ታሠሩ። ተመልሰውም ትግላቸውን ቀጠሉ። የሳቸው ስም ተርፎልናል። ከሳቸው ጋር ቅርጫት የተሸከሙት የብዙዎቹ አልተረፈም።

አንድ ወጣት ቀደም ሲል በሩ ላይ "ግን ይኼ ሁሉ የቤት ሥራ አይደል? ጦርነት ባይኖርም ይሠሩት ነበር" ብሎኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። አዎ፣ ሥራው ያው ነው። መፍጨት ያው መፍጨት ነው። የተለወጠው ቢያዙ የሚከፍሉት ዋጋ ነው። በሰላም ጊዜ ዱቄት ዱቄት ነው። በ1930 ዓ.ም ለአርበኛ የተፈጨ ዱቄት ያሰቅላል።

ይህን የነገረችኝ አያቴ ናት። ያን ቀን ቡና እየቆላች ሳይሆን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔ ትልቅ ሰው ሆኜ ድጋሚ ስጠይቃት። በዚህኛው ጊዜ "ምን አደረግሽ?" አላልኳትም። "ለማን ነበር የምትፈጩት?" ነው ያልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ ጠረግ አደረገች።

ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ጫካ ነበር። ቤቱ ውስጥ እሷና እናቷ ብቻ ነበሩ። እናቷ ትፈጫለች፣ እሷ ትነፋለች። ዱቄቱ በሳምንት አንዴ በትንሽ ስልቻ ይወጣል። የሚወስደው ሰው ማን እንደሆነ አልተነገራትም፤ እንዳትጠይቅም ታዝዛ ነበር። የሚያስፈራው ማውጣቱ አልነበረም አለችኝ። የሚያስፈራው ድምፁ ነበር። የድንጋይ ወፍጮ ድምፅ ይሰማል። ሌሊት ደግሞ ሩቅ ድረስ ይሰማል። ጎረቤት ባንዳ አለ። አንዲት ሴትና አንዲት ልጅ ስንት ይበላሉ? ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጭ ቤት ማንን ነው የሚያበላው?

ስለዚህ እናቷ ሌሊት መፍጨት ተወች። ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ከፍታ መፍጨት ጀመረች። ሁለት ጎረቤት ሴቶች ጠራች። እነሱም የየራሳቸው ሰው ጫካ ነበረባቸው። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትተካለች። ሲፈጩ ይዘፍናሉ። አላፊ አግዳሚው የሚሰማው ዘፈን ነው። የሴቶች ጨዋታ ነው ብሎ ያልፋል። ሦስት ሴቶች ተሰብስበው ስለሚፈጩም የማን እህል ስንት እንደሆነ ከውጭ ቆሞ መቁጠር አይቻልም።

"ባንዳው አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ አዳመጠን" አለችኝ አያቴ። "እናቴ አየችው። ዘፈኑን አላቋረጠችም። ድምፅዋን ጨመረችበት። እኔ ወንፊቱ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ዱቄት መሬት ፈሰሰ። እናቴ ሳታየኝ በእግሯ አፈር መለሰችበት። እሱም ትንሽ ቆመና ሄደ።"

"ከዚያስ?" አልኳት።

"ከዚያማ ፈጨን" አለችኝ።